ክቡር ሊቀ ገመድ

ድምፅ ማጉያ ባለበት አዳራሽ ሁሉ፣ ሰላም ሲባል ዓይኑ ወደ ሶኬቱ የሚሸሽ አንድ ሰው አይጠፋም። የአንዲት ርዕሰ መምህርት ዕድሏ ሆኖ፣ በእርሷ ትምህርት ቤት ይህን ወንበር የያዙት ኤሌክትሪሺያኑ ናቸው። መምህራኑ “ክቡር ሊቀ ገመድ” ብለው ሰየሟቸው፤ እርሳቸውም እንደ ሹመት ተቀበሉት።

አንድ ጊዜ የታመመ ባልደረባ ሊጠይቁ ሄደው፣ የሚንጫጫ ሬዲዮ ሰሙ። ከስልክ ቻርጀሩ አጠገብ አንስተው ራቅ አድርገው አስቀመጡትና “እግዜር ይማርህ” አሉ። በሽተኛውን ይሁን ሬዲዮውን እስካሁን አልተጣራም።

የመሰናበቻው ዕለት ግን የርዕሰ መምህርቷ ትዕግሥት አለቀ። እዚያው ትምህርት ቤት አርባ ዓመት ያስተማሩት አባቷ በጡረታ ሊሰናበቱ ነው። ጉሮሯቸውን ከታመሙ ወዲህ ድምፃቸው ከሹክሹክታ አያልፍም። አዳራሹ ሞልቷል፤ ማጉያው ግን “እምምም” እያለ ያጉረመርማል። በዚህ ላይ አባቷን ማን ይሰማቸዋል?

“ጋሼ፣ ምን ነክቶት ነው?” አለች ሊቀ ገመድን።

“ገመዶቹን እንዲህ ያሰማመራቸው ማነው?”

“እኔ ነኛ! ተዝረክርከው አይቼ አንድ ላይ በሪባን አሰርኳቸው።”

“ውይ ልጄ! የመብራቱንና የማይኩን ገመድ አቃቅፈሽ አስተኛሻቸው? አንዱ እያንኮራፋ ሌላው እንዴት ይተኛ?”

“ቀልዱን ይተዉትና ይፍጠኑ! አባቴ ቆመው እየጠበቁ ነው።”

ክቡርነታቸው መቸኮል አልፈጠረባቸውም። ተንበርክከው ሪባኑን ፈቱ፤ የመብራቱን ገመድ በአንዱ ግድግዳ፣ የማይኩን በሌላው ሰደዱ። ጉርምርምታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ዞር ብለው ቢያዩ፣ የማይኩን ድምፅ የሚያስተካክለው ሚክሰር የመድረኩ ሶኬት ላይ፣ ማጉያው ደግሞ በሩ አጠገብ ያለው ላይ ተሰክቷል።

“ለካ ከየራሳቸው ሶኬት እየበሉ ነው የሚነታረኩት!”

ድምፁን ዝቅ አድርገው ሁለቱንም ነቀሉ፤ ከመድረኩ ሶኬት በተዘረጋ አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኳቸው፤ ድምፁን ቀስ እያሉ ከፍ አደረጉት። ጉርምርምታው ጠፋ።

“ልጆቼ” አሉ አባቷ በሹክሹክታ። የኋላው ረድፍ ድረስ፣ ትንፋሻቸው እንኳ ሳይቀር ተሰማ። “እግዚአብሔር ያክብራችሁ። አርባ ዓመት ስጮህባችሁ ኖርኩ፤ ዛሬ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።”

ሳቅ ሆነ። ርዕሰ መምህርቷ ዓይኗን እየጠረገች ወደ ሊቀ ገመድ ጎንበስ አለች።

“ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ…”

“እሽሽ! ሌላኛው ማይክ ክፍት ነው። አባትሽን ስሚ።”

ከፊት የተያዘላት የክብር ወንበር ባዶውን ቀረ። አባቷን እስከ መጨረሻው የሰማችው ከሊቀ ገመድ አጠገብ፣ ወለል ላይ ተቀምጣ ነው።