በከፋይ የተሸፈነው የጋሽ ተካ ዕቃ

እኛ ስቶክሆልም የምንኖር ሐበሾች የተሸፈነ ነገር አይመቸንም። ስዊድናዊው ጎረቤቱን የሬሳ ሣጥን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ቢያገኘው «ሄይ» ብሎት ያልፋል። እኛ ግን የታሸገ ካርቶን ካየን ውስጡን ገምተን፣ ከየት እንደመጣ ፈርደን፣ ለዘመድ ደውለን ነው የምናርፈው። አይፈረድብንም፤ ስንት ቅርስ ተሸፋፍኖ የወጣብን ሰዎች ነን።

ጋሽ ተካ ሁዲንጌ በሚባለው የከተማው ዳርቻ ሰፈር፣ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ አንድ አመል አምጥተዋል፤ ከተዘጉ መዝናኛ ፓርኮች የወጣ አሮጌ ዕቃ ይሰበስባሉ። ቀለሙ የተላጠ የቲኬት መሸጫ ሰሌዳ፣ መሪዋ የተገነጠለ የልጆች መኪና፣ አፍንጫ የሌለው ጭንብል። «ታሪክ ነው» ይላሉ። አፍንጫ የሌለው ታሪክ። ሰው ሁሉ ስቆ ተዋቸው።

አንድ ቅዳሜ ግን በቀይ ከፋይ የተጠቀለለ፣ የወርቅ ዘርፍ ያለው ትልቅ ነገር ከመኪና አውርደው ምድር ቤት ባለችው የዕቃ ማስቀመጫ፣ እኛ ፎሮድ በምንላት፣ ቆለፉበት። ጎረቤታችን ወይዘሮ አልማዝ በመስኮት አይተዋል። በማግስቱ ቅዳሴ ሲያልቅ ወሬው ደጅ ላይ ጠበቀን፤ ተካ የተሰረቀ ቅርስ ገዝቶ ደብቋል። ታቦት ነው ያለም አልጠፋ። እንግዲህ ጋሽ ተካ የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ቤት ቁልፍ የያዙ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ከቤት የሚያስወጣቸው ያ ቁልፍ ብቻ ነው። እሱን ያስረክቡ ተባለ።

መጀመሪያ ግን ሽማግሌ ይላክ ተብሎ፣ እኔም ለሽበቴ ሲባል ተመረጥኩ። ጋሽ ተካ ሳያንገራግሩ ፎሮዳቸውን ከፈቱልን። ከፋዩን እንዳዩ መሪያችን አቶ በላቸው ጫማቸውን አወለቁ። እሳቸው ሲያወልቁ እኛም አወለቅን፤ እሳቸው ሲሰግዱ እኛም ሰገድን። ጋሽ ተካ የሆነ ነገር የወደቀብን መስሏቸው አብረውን ጎንበስ ብለው መፈለግ ጀመሩ።

ከዚያ ከፋዩን ገለጡት። እየተሽከረከረ ልጆች የሚጫወቱበት የእንጨት ፈረስ ነበር።

«እዚህ አገር በገባን በመጀመሪያው በጋ ልጄ እዚህ ላይ ተቀምጣ ሳቀች» አሉ። «ከሱዳን ጀምሮ ስቃ አታውቅም ነበር። ፓርኩ ሲፈርስ ፈልጌ ገዛሁት። ከፋዩ የፓርኩ የአሻንጉሊት ትያትር መጋረጃ ነው።»

የፈረሱን አንገት ዳበስኩ። ጫማችንን አጥልቀን ስንወጣ ግን አቶ በላቸው ደረጃው ላይ «ያየነው እዚሁ ይቅር» አሉ። ለመጫወቻ ሰገድኩ ብሎ ማን ያወራል? ተስማማን። ሰው ሲጠይቀን ዝም አልን፤ ዝም ስንል ጊዜ ወሬው እውነት ሆነ፤ ቁልፉን የሚያስረክቡበትም ቀን ተቆረጠ።

በቀኑ ጋሽ ተካ ቁልፉን በነጭ መሐረብ ጠቅልለው ሰው ወደተሰበሰበበት የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ መጡ። አላስቻለኝም። ተነሥቼ «የእንጨት ፈረስ ነው፤ የልጆች መጫወቻ። እኛም ሰግደንለታል» አልኩ። አቶ በላቸው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

ወይዘሮ አልማዝ ዓይናቸውን አጠበቡ። «ፈረስ?»

«ፈረስ።»

«ቀለሙስ?»

«ነጭ።»

ወይዘሮ አልማዝ ቀስ ብለው አማተቡ። «የቅዱስ ጊዮርጊስን ፈረስ ነው ፎሮድ ውስጥ ያስቀመጣችሁት?» አሉ።

ቁልፉ ከጋሽ ተካ ጋር ቀረ። አሁን የሚጠረጠረው ሌላ ሰው ነው፤ ነጩን ፈረስ መጫወቻ ነው ያልኩት እኔ።