ጌታ የሌለበት ቁም ሳጥን

በየቤተሰቡ የራሱን የማኅበራዊ ሚዲያ ሰርቨር ተክሎ ዘመድ አዝማዱን ካልሰበሰብኩ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። እግዜር የተቆጣው ቤተሰብ ሁለት ይደርሰዋል። እሷ አንደኛውን አግብታዋለች፤ ሁለተኛው ታናሽ ወንድሟ ነው።

ክቡር ባሏ ሰርቨሩን የተከለው እሷ ጫማ የምትደረድርበት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ማሽኑ ቀን ከሌት ያንኮራፋል። ባሏ ቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሳይጠየቅ ማብራሪያ ይሰጣል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሰዉን አንድ አዳራሽ ውስጥ አጉረው ቁልፉን ኪሳቸው ይከታሉ፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ሰርቨር ራሱን የቻለ ቤት ነው፤ ከቤት ቤት በር አለ፤ የአንዱ ቤት ሰው የሌላውን ጽሑፍና ፎቶ እንደ ልቡ ያያል። የንግግሩ መዝጊያ ሁሌም አንድ ነው፦ «እኛ ዘንድ ጌታ የለም!»

ጌታ የለም ይበል እንጂ ሕግ የሚያወጣው፣ ተሳዳቢ የሚያባርረው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ጉርሻውን ሳይውጥ ወደ ቁም ሳጥኑ የሚሮጠው እሱው ነው። የገዛ አክስቱን ሳይቀር «አነጋገርሽን አርሚ» ብሎ አግዷል።

ታዲያ አንድ ቀን ወንድሟ በራሱ ሰርቨር ላይ «ከጫማ ጋር የሚያድር ሰርቨር ዕድሜ የለውም» ብሎ ጻፈ። ባሏ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በሩን ጠረቀመው። ወንድሟን ብቻ ቢሆን ደግ፤ የዘጋው ያንን ቤት በሞላ ነው።

ጣጣው የወረደው ሩቅ በሚኖሩት እናቷ ላይ ነው። እሳቸው ያሉት በባሏ ሰርቨር ነው፤ የአራሱ የልጅ ልጃቸው ፎቶ የሚወጣው ግን በአባቱ፣ በወንድሟ ሰርቨር። «ልጄ፣ ሕፃኑ ጠፋብኝ» አሉ በስልክ። ወደዚያኛው ላዛውርዎት ብትላቸው በልጅና በአማች መሃል አልመርጥም ብለው እምቢ አሉ። ባሏን ብትለምን የመርህ ጉዳይ ነው አላት። ወንድሟም ያው፣ እልኸኛ።

ወራት አልፈው ወንድሟ ለባሏ ደወለ። ሕፃኑ እንቅልፍ ነሥቶታል፤ ማሽኑ በየጊዜው ይበላሻል፤ ሰዉ ይነጫነጫል። ሰርቨሩን ሊዘጋው ነው። እሷ አጠገቡ ቆማ፣ ባሏ አሁን ቢኮፈስ አንገቱን ልታንቅ ተዘጋጀች።

ባሏ ግን «አትዝጋው» አለ። «የደከመህ ብቻህን ስለያዝከው ነው። መጥቼ ልውሰደው፤ ተራ በተራ እንጠብቀዋለን።»

ከሁሉ በፊት የዘጋውን በር ከፈተ። ከሁሉ በፊት የዘጋውን በር ከፈተ። ብዙም ሳይቆይ እናቷ ደወሉ፦ «ጥርስ አብቅሏል እኮ!» አልቅሰዋል።

ክቡርነታቸው ማሽኑን አቅፈው ተመልሰው፣ ቁም ሳጥኑ ፊት ተገትረው «የት ላስቀምጠው?» ይላሉ፣ እንደ ጥፋተኛ ልጅ። ለዚህ ቀን ብላ ያጠራቀመችው ስንት ወቀሳ ነበራት። የቀራትን አንድ ረድፍ ጫማ ታቅፋ አወጣችና አልጋ ሥር ከተተችው።

«እዚህ ጋ» አለችው። «ሽቦውን በቀስታ፤ ሕፃኑ እንዳይጠፋብን።»