ባሕሩ ወዴት ሄደ?

ያላየውን ቦታ እንደ ሰፈሩ የሚያስጎበኝ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ለንደን ውስጥ፣ የኬኒንግተን ሰፈር ጎረቤቴ ጋሽ ተፈራ እንዲህ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባሕር ዳርቻ ላይ ቅንጡ ሪዞርት ሲሠራ፣ መሠረቱ ከተጣለ ጀምሮ በስልካቸው እየተከታተሉ ያወሩልን ነበር። ስፓው፣ የሞቀው ገንዳ፣ ማዕበሉ ሥሩ የሚደርሰው በረንዳ፣ ምኑ ቅጡ!

እንደተከፈተ እኔንና ባለቤታቸውን እትዬ አልማዝን ይዘውን ሄዱ። እትዬ አልማዝ በዕድሜያቸው ባሕር ረግጠው አያውቁም። ጋሽ ተፈራ የክፍሉን መጋረጃ በኩራት ገለጡት። ጉድ በሉ! ባሕር የለም፤ ዓይን እስኪደክም እርጥብ አሸዋ ብቻ።

እኔን አስከትለው ሮጠው ወርደው እንግዳ ተቀባይዋን አፋጠጧት፤ "ባሕሩን የት አደረሳችሁት?"

"ዛሬ ጠዋት ሸሽቷል፤ ከምሳ በኋላ ይመለሳል" አለች ፈገግ ብላ።

ወገኖቼ፣ ባሕርም እንደ ሠራተኛ ምሳ ይወጣል እንዴ?

ጋሽ ተፈራ አንገታቸውን ደፉ። ለካ እኛ ስንከራከር እትዬ አልማዝ ወጥተው ኖሯል። በመስኮት ሳይ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ አሸዋው ላይ እየሳቁ ይሮጣሉ።

"ተፌ፣ ና እንጂ!" ብለው ተጣሩ። "ውኃ እንደምፈራ ለባሕሩ ማን ነገረው? ለእኔ ብሎ እኮ ነው ገለል ያለልኝ!"

ጋሽ ተፈራም ከነሱፋቸው፣ ከነከረባታቸው ሮጠው ተቀላቀሏቸው።