ብስክሌት ያገባ ሰው

ብስክሌቱን የሚወድ ወንድ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ታጭቼለት ነበር። ሮቤ ውስጥ የቢሮ ጸሐፊ ነው፤ የብስክሌቱን ኮርቻ በክር እየለካ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ይውላል። ሰንሰለቱንም በነጠላዬ ጠርጎ፣ «የሚስማማው ነጭ ጨርቅ ነው» ብሎኛል። እሱን እንኳ ችዬው ነበር።

ለመምህርነት የምፈተን ዕለት የጎባው አውቶቡስ አመለጠኝ። እጮኛዬም ወደዚያው ሊሄድ ነበርና፣ «ከኋላህ አፈናጥጠኝ» አልኩት።

«ጎማውን ያቃናሁት ገና ትናንት ነው። አንቺ ከተቀመጥሽበት ይጣመማል» ብሎኝ ሄደ።

ይህን የሰሙት ጎረቤታችን ኦቦ ገመዳ ፈረሳቸውን ጫኑልኝ። «ውጪበት ልጄ፤ ፈረስ ስንት ኪሎ ነሽ ብሎ አይጠይቅም» አሉኝ።

ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ፣ እጮኛዬ ጭቃ እንዳይነካበት ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አውጥቶ ሲያዘግም አገኘሁት።

«ቁሚ እንጂ!» አለኝ።

በእኛ አገር ሰላምታ የሚሰጠው ለጋላቢው ነው እንጂ ለተጋላቢው አይደለም። ስለዚህ ጎንበስ ብዬ ብስክሌቱን፣ «እንደምን አደሩ ጌታዬ?» አልኩት።

እሱንም ፈተናውንም በዚያው ቀን አለፍኳቸው።