በሳክስፎኑ መሃል ያስነጠሰው ሰውዬ

አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ተሰብስቦ እያለ የተቀዳ ሙዚቃ ለምን ደስ እንደሚለኝ ልንገራችሁ? ሳሉ ነው። ስቱዲዮ የተቀዳውማ ንጹሕ ነው፤ ሰው የተጫወተውም አይመስልም። አዳራሽ የተቀዳው ግን ወንበር ይጎተትበታል፣ ጠርሙስ ይወድቅበታል፣ አንዱ ሌላውን «ጠጋ በል እንጂ!» ይለዋል። የተቀዳው ደብረ ብርሃን ከሆነ ደግሞ ሳሉ ብቻውን አንድ ኦርኬስትራ ነው። በዚህ ብርድ፣ ጉንፋን የሌለበት ሰው ተሰብስቦ ያውቃል እንዴ?

እንዲህ ያለ ቅጂ ያላቸው ጋሽ ኑሩ ናቸው። የአልዩ አምባ ሰው ናቸው። አባታቸው ጨውና ጥጥ ይነግዱ ነበር፤ እሳቸው ግን ደብረ ብርሃን መጥተው ሙዚቃ ቤት ከፈቱ። ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው አንድ የአዲስ አበባ የጃዝ ባንድ ወደ ደሴ ሲሄድ መኪናው እዚህ ተበላሸ። እስኪጠገን ድረስ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተጫወቱ። ጋሽ ኑሩም ያን ትልቅ ባለ ክር ቴፓቸውን ተሸክመው ሄደው ቀዱት።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ሳክስፎን ከጭቁኑ መደብ ይሁን ከአድኃሪው ማንም በግልጽ ስላልነገራቸው፣ ጋሽ ኑሩ ክሩን ከአባታቸው የጨው ጆንያ ኋላ ከተው ዝም አሉ። ዘንድሮ ግን ወጣቱ ሁሉ የድሮ ሙዚቃ ካልሆነ አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀሩ ብቅ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የድሮ ነገር የለም ወይ ብለው ጠየቁ። በዚህ ጊዜ ክሩ ከጨው ኋላ ወጣ፤ አቧራው ተራገፈ፤ ወደ ካሴት ሊገለበጥ ሆነ።

የመጀመሪያዋ አድማጭ እኔ ነበርኩ። እዚሁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከክፍል ውጭ ድምፄን የሰማ ሰው ጥቂት ነው። የጋሽ ኑሩ ሱቅ ደግሞ አግዳሚ ወንበር አለው፤ መጽሐፌን ይዤ እቀመጣለሁ፣ ማንም አያናግረኝም።

ሳክስፎኑ ሲጀምር መጽሐፉን ዘጋሁት። የጣርማ በርን ዳገት እንደሚወጣ የጭነት መኪና ቀስ እያለ ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ለስለስ አለና ትንፋሽ ብቻ ሆነ። አዳራሹ ጸጥ። ይኼኔ አንዱ «እ… እ… እጥሺ!»

ምን የሆነ ይመስላችኋል? አዳራሹ በሙሉ «ይማርህ!» አለዋ! ያስነጠሰውም አስተዳደግ ያለው ሰው ነውና «ያኑራችሁ!» ብሎ መለሰ። ሳክስፎኑ ምርቃቱ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። እኔ በሳቅ ልሞት! ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የጃዝ ሸክላ የሚያሰሙን መምህር ነበሩ። እዚያ ሸክላ ላይ የፈረንጅ ሰው ያስነጥሳል፤ ማንም ምንም አይለውም። ሰው አስነጥሶ ዝም! ይሄ ኑሮ ነው?

ጋሽ ኑሩ ግን አልሳቁም። ከልማድ የተነሳ «የርሐሙከላህ» አሉና ወዲያው ምላጭ መፈለግ ጀመሩ። ካሴቱ አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድ ነው፤ ጉንፋን የያዘው ጃዝ ማን ይሰማል? ነገ ጠዋት ያቺን ቦታ ቆርጠው ሊጥሏት ነው።

ማታ ለአክስቴ ለእትዬ በላይነሽ ነገርኳት። አብረን ነው የምንኖረው። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ቀስ ብላ ተቀመጠች። ነፍሱን ይማረውና ባሏ ጋሽ ጥላዬ ያን ዕለት ከጎረቤላ መጥቶ እዚያው አዳራሽ ገብቶ ነበር። ከሱ የቀራት አንድ ፎቶ ነው፤ እሱም አፉን ግጥም አድርጎ።

«ፊቱስ አለ» አለችኝ። «ድምፁ ነው እየሸሸኝ ያለው፣ ልጄ። ያን ቀን ጉንፋን ይዞት ነበር። ያስነጠሰው እሱ ነው!»

በነጋታው በርኖሷን ደርባ፣ እኔን እየጎተተች ሱቁ ደረሰች።

«ኑሩ! ያንን ምላጭ አስቀምጥ!» አለች ገና ከበሩ።

«መጀመሪያ ደህና አደርክ አይባልም፣ እትዬ በላይነሽ?»

«መቼ ደህና አሳደርከኝና!»

ነገሩን ስትነግራቸው ጋሽ ኑሩ ክሩን አጫወቱት። ሳክስፎኑ ወጣ፣ ወጣ፣ ለሰለሰ። «እጥሺ!» ሱቁ ውስጥ የነበረው ገበያተኛ ሁሉ «ይማርህ!» አለ። የአክስቴ ፊት ግን ወደቀ።

«ይሄ ማነው? ጥላዬ ሲያስነጥስ ዶሮ ከቆጥ ይወርድ ነበር እኮ። ይሄ የድመት ነው።»

መግቢያ ጠፋኝ። ጋሽ ኑሩ «እንግዲያውስ» ብለው ምላጩን አነሱ። ክሩ ግን ገና ይዞራል። ሳክስፎኑ እንደገና ጀምሮ፣ ድራሙ ገብቶ፣ ማስነጠሱን ሰው ሁሉ ከረሳው በኋላ፣ አንድ ወፍራም ድምፅ ረጋ ብሎ «ይማርህ፣ ጌታዬ!» አለ።

አክስቴ ጮኸች። «እሱ ነው! ጥላዬ ነው!» ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ የማታውቀውን ገበያተኛ ታቅፋለች። «ሰው ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ማን ይደርሳል ታዲያ! እኔን ለማግባት ሽማግሌ የላከው የሌላ ሰው ሽማግሌዎች እሺ ተብለው ሲወጡ ነው። በር ላይ ነው የተላለፉት! እኔ እሱን ካልሆነ ባልል ኖሮ ቀርቶ ነበር!»

ጋሽ ኑሩም ልባቸው ራራ። ሆኖም ነጋዴ ናቸውና መላ አመጡ፤ ጋሽ ጥላዬ ይቀመጥ፣ ማስነጠሱ ብቻ ይቆረጥ።

«እንዴ! ማንም ሳያስነጥስ ይማርህ ሲል ባሌ እብድ ሊመስል?»

«እሺ፣ ማስነጠሱም ይቅር። የአዳራሹን የይማርህ ጫጫታ ልቁረጠው።»

«እነሱ ቀድመው ካላሉ እሱ መዘግየቱ በምን ይታወቃል?»

ጋሽ ኑሩ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ እንኳ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ ንገሪያት።»

ሱቁ ሁሉ አየኝ። «ጋሽ ኑሩ፣ አይቁረጡት!» አልኩ። ከአፌ የወጣው ድምፅ መንገድ ላይ ያለ ሰው እንኳ አስቆመ። ቀጥዬ ምን እንዳልኩ እንጃ፤ ብቻ ጋሽ ኑሩ ምላጩን በወረቀት ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ክሩ እንዳለ ተገለበጠ። የመጀመሪያውን ካሴት ለአክስቴ ሰጧት፤ እሷም እዚያው ሱቅ ቁጭ ብላ ያቺኑ ቦታ እያስደገመች ሰማች። ባስደገመች ቁጥር ገበያተኛው «ይማርህ!» ይላል፤ እሷ ጣቷን ቀስራ ዝም ታሰኛቸዋለች፤ ከዚያ ጋሽ ጥላዬ ይደርሳል፤ ከዚያ ሱቁ በእልልታ ይናጋል።

በመጨረሻ ጋሽ ኑሩ፣ ስለ ቅጂያቸው ጥራት አንዲት የምስጋና ቃል እንኳ ስላጡ፣ «ለመሆኑ ሙዚቃውስ እንዴት ነው፣ እትዬ በላይነሽ?» ብለው ጠየቋት።

አክስቴ ካሴቱን ጉያዋ ከተተችው። «ጥሩ ነው» አለች። «ያ ጡሩምባ የሚነፋው ሰውዬ ባይረብሽ ኖሮ!»