የአያ አዳነን ዝምታ የቆረጥሁ ዕለት

«ዝምታ ወርቅ ነው» ያለው ሰው ፖድካስት ሠርቶ አያውቅም። እመኑኝ። ለእኛ ለአዘጋጆቹ ዝምታ እንክርዳድ ነው፤ ይለቀማል፣ ይጣላል። አድማጭ ሦስት ሰከንድ ዝም ካላችሁበት ስልኩ የተበላሸ መስሎት ይነካካዋል፤ አምስት ሰከንድ ከሆነማ... ወደ ዘፈን ሄዷል።

እኔ ይህን ጥበብ የተማርሁት እዚሁ ቆላ፣ ኮኪት ከተማ፣ በሰሊጥ ጆንያ በተከበበች ክፍል ውስጥ ነው። አትሳቁ። ጆንያ ማስተጋባትን ይውጣል፤ ባለ ስቱዲዮዎቹ ባለሙያ ጠርተው የሚያሠሩትን ግድግዳ እኔ ከአጎቴ መጋዘን ተውሼ ደረደርሁት። ችግሩ ሙቀቱ ነው። ቬንቲሌተሩ ድምፅ ስለሚያስገባ ቀረጻ ላይ ይጠፋል፤ እንግዳዬም እኔም ላብ በላብ ሆነን ነው ስለ ሰሊጥ አረም የምናወራው። የድምፅ ማቀናበሪያ ሶፍትዌሩን ደግሞ ከኢንተርኔት በነፃ አወረድሁት። ነፃ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። የከባድ መኪና ጩኸት ያለዝባል፣ የቀጠነ ድምፅ ያወፍራል፤ ከሁሉም በላይ አንዲት ቁልፍ አለችው፣ ስትጫኗት በንግግሩ መሀል ያለውን ዝምታ ሁሉ ራሷ ፈልጋ የምትቆርጥ።

አቤት እሷ ቁልፍ!

አንድ ቀን አያ አዳነን ጋበዝኋቸው። አያ አዳነን ኮኪት ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ወሰን የተጋፋ፣ ትዳሩ የተናጋ ሁሉ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። ለእኔ ደግሞ ከዚያም በላይ ናቸው። በሚቀጥለው እሑድ ዋና ሽማግሌዬ ሆነው ትርንጎን ሊጠይቁልኝ ቀጠሮ ይዘናል። ትርንጎ ሦስት ዓመት ሙሉ የምወዳት ልጅ ናት። አባቷ አቶ መኳንንት እሺ ካላሉ ግን ነገሩ እዚያው ቀረ ማለት ነው፤ አባቷን ሳታስፈቅድ እንደማታገባ ነግራኛለች፣ እሷ ደግሞ በእንዲህ ያለ ነገር አትቀልድም።

«አያ አዳነ፣ የተጣላ ሰው እንዴት ነው የሚያስታርቁት?» አልኋቸው።

ዝም። ከዘራቸውን አዩ። ጢማቸውን ዳሰሱ። የእኔ ላብ ጠብ አለ። «መጀመሪያ...» አሉ። እንደገና ዝም። «...አዳምጣለሁ።»

እንዲህ እያልን ሁለት ሰዓት ቀዳን። በማግስቱ ያቺን ቁልፍ ብጫናት ሁለት ሰዓቱ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ሆኖ ቁጭ! ጮቤ ረገጥሁ። መልሼ እንኳ ሳላዳምጠው፣ የተቆረጠውን በዋናው ቅጂ ላይ ደርቤ አስቀመጥሁና ለቀቅሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ያልሰማሁ ይመስል።

ወዳጆቼ፣ ሽማግሌ የሚከበረው በሚናገረው ብቻ መሰላችሁ? እኛ ዘንድ ሽማግሌ ተጠይቆ ወዲያው ከመለሰ ነገሩን አልመዘነውም ማለት ነው። ቃሉ የሚከብደው ዝም ባለው ልክ ነው። በእኔ ፖድካስት ላይ ግን አያ አዳነ ትንፋሽ ሳይወስዱ እንደ ጨረታ አጫራች ያንበለብሉታል። ስለ ወሰን ጠብ ስጠይቃቸው፣ ጥያቄዬ ከማለቁ ፈርደው ጨርሰዋል።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። እንደ ወጉ ደጅ ቆሙ፣ እንደ ወጉ ተናገሩ። አቶ መኳንንት «ዘመድ ላማክር» ብለው ቢመልሷቸው አልደነግጥም ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ባዶ እጅ መመለስ ደንብ ነው። እሳቸው ግን ከዚያ ቀደም ማሳ ላይ ውለው፣ ሳሉጎቹ፣ ማለትም ሰሊጥ የሚያጭዱላቸው የቀን ሠራተኞች፣ በስልክ የከፈቱትን ፖድካስቴን ሰምተው ኖሯል።

«አያ አዳነ ድሮ አስበው ነበር የሚናገሩ፤ አሁን ምን እንዳገኛቸው እንጃ» አሉ። «በልጄ ነገር የሚቸኩል ሽማግሌ አልቀበልም። ሌላ ሰው ይላክ።»

እንቢታ እንኳ ይሻል ነበር! ሌላ ሰው ብልክ የአያ አዳነን ሽምግልና በእጄ ቀበርሁት፤ ባልልክ ትርንጎ ቀረችብኝ።

አያ አዳነ ከዚያ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። «አሰማኝ» አሉ። አሰማኋቸው። ጥቂት አዳመጡና «ይሄ ሰውዬ ማነው?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። በመሀል ዝም ያልሁት የት ሄደ?»

«ቆረጥሁት።»

«ምን አደረገህ?»

አፈርሁ፤ የምሬን ነው የምላችሁ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ዕድሜ ልካቸውን ያፈሩትን ክብር እኔ በአንድ ጣት ጨረስሁት።

«ተነስ» አሉ በመጨረሻ። «መሣሪያህን ያዝ። አቶ መኳንንት ዘንድ እንሄዳለን።»

አግቢው ራሱ ከሽማግሌ ጋር ሲሄድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ላፕቶፔን ታቅፌ ሄድሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም ለአቶ መኳንንት ተናዘዝሁ። ሶፍትዌሩን ከፍቼ አሳየኋቸው፤ ሰው ሲናገር መስመሩ ይዘላል፣ ዝም ሲል ቀጥ ብሎ ይተኛል። «የተኛውን ሁሉ ነው ያጠፋሁት» አልኋቸው።

መስመሩን ትኩር ብለው አዩት።

«እንግዲያው እኛን ቅዳ» አሉ። «አያ አዳነ የመጡበትን ይጠይቁኝ፣ እኔም የሚሆነውን እመልሳለሁ። አንዲት ትንፋሽ ብትቆርጥ ግን አንተም አታውቀኝ፣ እኔም አላውቅህ።»

ማይክሮፎኑን በሁለቱ መሀል ተከልሁ። ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ከደጋ ወርደው መጀመሪያ ስለሰፈሩበት ዘመን አወሩ። በኋላ አያ አዳነ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጅዎን ትርንጎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው የመጣነው» አሉ።

አቶ መኳንንት ዝም አሉ።

በማዳመጫው የሚሰማኝ የዝንብ ድምፅ ብቻ ነው። ሩቅ አንድ ትራክተር ተነሣና ጠፋ። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ተኝቷል። አንድ ደቂቃ... አንድ ደቂቃ ተኩል... አያ አዳነ እንደሆኑ ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም። እኔ በሕይወቴ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

ቀረጻውን እንዳለ ለቀቅሁት፤ አንዲት ትንፋሽ አልነካሁም። በማግስቱ ከአብርሃ ጅራ ከተማ አንድ አድማጭ ጻፈልኝ፦ «ወንድም፣ አርባኛው ደቂቃ ላይ ድምፁ ጠፍቷል፤ አስተካክለው።»

እኔም መለስሁለት፦ «አልጠፋም። አማቴ እያሰቡ ነው።»