ሚስተር ሊንድ ዝም ያሉ ለት

ቴሌቪዥን የገባበት ቤት ሁሉ አንድ አስረጂ አያጣም። ሳጥኑ ሲገዛ አብሮ የተላከ ይመስል ሶፋው ጫፍ ላይ ተደላድሎ ይቀመጥና በገዛ ዓይንህ የምታየውን ያስረዳሃል፤ የሚሞተውንም ሰው ሳይሞት ይቀብርልሃል። ከሰው የበቆሎ አገዳ በሚበዛባት በእኛ የኔብራስካ ሰፈር ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ሚስተር አልቪን ሊንድ ናቸው።

አርባ ዓመት ሙሉ የፈረስ ኮቴ ላይ ብረት ሲመቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ማታ የሸሪፉ ድራማ ሲጀምር እኔ ቤት መጥተው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው እንደ ዳኛ ይሰየማሉ። ሸሪፉ ሽፍታ አሳድዶ ሲመለስ፣ "ከጠዋት ጀምሮ ተጋልቦ ጠብታ ላብ የሌለው? እስቲ ፈረሱን ጠይቀው!" ይላሉ። ስድስት ጥይት የምትጎርስ ሽጉጥ አሥራ አንድ ጊዜ ስትተኩስ በጣታቸው እየቆጠሩ ያሳዩኛል። አንዴ ሸሪፉ ፈረሱ ላይ ሊወጣ ሲል የመጠጥ ቤቷ ባለቤት ደረቱ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ፣ እኔም እንባዬ ሊመጣ ሲል፣ "ኮርቻው ላልቷል፤ አሁን ይወድቃል" አሉ። ሸሪፉ አልወደቀም፤ የኔ እንባ ግን በመጣበት ተመለሰ።

እኔ ብቻዬን የምኖር፣ አርባ አምስት ዓመት የሞላኝ ገበሬ ነኝ። ጀግንነቴ ሐሙስ ማታ ብቻ ነው። የገዛ ኮርማዬን እንኳ የምሰድበው ከአጥር ውጭ ቆሜ ነው። ሸሪፉ ሲተኩስ ግን ሶፋዬ ላይ ሆኜ አንድ ሁለት ሰው ሳልጥል አላድርም። ታዲያ በመከር ሰሞን አንድ ምሽት ሸሪፉና ጠላቱ ፊት ለፊት ተፋጠው፣ ሚስተር ሊንድ ስለ ፈረሱ ዘር ማስረዳት ሲጀምሩ ትዕግሥቴ ተሟጠጠ።

"ሚስተር ሊንድ፣ ለአንዲት ሰዓት እንኳ አፍዎን ቢዘጉልኝስ!"

ኮፍያቸውን አነሱ። "ልክ ነህ ቨርን፣ ቤቱ ያንተ ነው" አሉና ወጡ።

ሦስት ሐሙስ ሳይመጡ ቀሩ። ሄጄ ይቅርታ እንዳልጠይቅ ኩራት ያዘኝ። እውነቱን ካወጣሁት፣ ኩራት እያልኩ የማሽሞነሙነው ሀፍረት ነው።

በአራተኛው ሐሙስ ለዚያ ምሽት ብቻ የተጋበዘ አዲስ ሽፍታ መጣ። ሪዝ የለው፣ ጩኸት የለው፤ የባንክ ጸሐፊ የሚመስል ደቃቃ ሰው ነው። ሁሉንም "እባክዎ" ይላል፣ የሰዉን ልጆች በስም እየጠራ ደህንነታቸውን ይጠይቃል። ከዚያ የሚገድለውን ሰው ኮሌታ በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ያስተካክልለታል። የባቡር ጣቢያውን ኃላፊ ኮሌታ ሲያስተካክል የኔ እጅ የራሴ አንገት ላይ ነበር። ቤቱ ጭር ብሏል። ያ ስመኘው የኖርኩት ጸጥታ ይኸው መጣልኝ፤ አልወደድኩትም።

ማስታወቂያ ሲገባ ስልኩን አነሳሁ። የእኛ ስልክ ለስድስት ቤት አንድ መስመር ነው። ለአንዱ ሲደወል ሌሎቹ እጀታውን በቀስታ አንስተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጣሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም፤ እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ረሳሁት።

"ሚስተር ሊንድ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። እባክዎ ይምጡ።"

"ምን ሆንክ?"

"ምንም። አንድ ሰውዬ... ፈራሁ።"

"ሌባ ገባብህ?"

"ቴሌቪዥኑ ውስጥ ነው።"

ሚስተር ሊንድ መልስ ሳይሰጡ ከወዲያኛው እርሻ የሚስስ ሁልዳ ክራል ድምፅ መጣ። "አልቪን፣ ሂድለት እንጂ! ምስኪን፣ ድምፁ እኮ እየተንቀጠቀጠ ነው።" ሌላ ሰው ደግሞ ሳቁን መያዝ አቃተው። በነጋታው እህል ስናራግፍ ምን እንደሚጠብቀኝ ገባኝ። ግድ አልሰጠኝም።

ብዙም ሳይቆዩ ከላይ ካፖርት፣ ከታች የቤት ጫማ አድርገው በጓሮ በር ገቡ። ተቀመጡ። አንድ ቃል አልተነፈሱም።

"ይናገሩ እንጂ!" አልኳቸው።

"አፌን እንድዘጋ አዝዘኸኝ የለም እንዴ?"

"ተሳስቼ ነው። ስለ ፈረሱ ይንገሩኝ። ስለ ጥይቱ። የፈለጉትን!"

ሽፍታው ፈገግ እንዳለ ከሸሪፉ ፈረስ አጠገብ ሲያልፍ ሚስተር ሊንድ ትክ ብለው አዩት። ቀስ ብለው እጅጌዬን ያዙ።

"የፈረሱን ጆሮ አየኸው? ወደ ኋላ ለጥፎታል። ፈረስ ትወና አያውቅም፣ ቨርን። የምሩን ፈርቶታል።"

ለማጽናናት የተጠሩ ሰው ይህን አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አልተናገርንም። በመጨረሻ ሸሪፉ ሽፍታውን ገደለው፤ ሁለታችንም አላመንነውም።

ሊሄዱ ሲነሱ የካፖርታቸው ኮሌታ ወደ ውስጥ ታጥፎ አየሁና ላቃናላቸው እጄን ዘረጋሁ።

"እጅህን!" ብለው ጮኹ፤ ግድግዳው ላይ ተለጠፉ።

"ልሸኝዎ?" አልኩ፣ ውጪውን በመስኮት እያየሁ።

"እሺ፣ ሸኘኸኝ እንበል። አንተን ማን ይመልስሃል?"

በሩን ቆልፌ ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ አነጠፍኩላቸው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቴ ውስጥ ሌላ ሰው ሲያንኮራፋ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እንዲህ ደስ የሚል ድምፅ መሆኑን ረስቼው ኖሯል።